ያለ ቀብድ የተጻፉ 212 ጽሑፎች

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዘዞ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። መጻፍ የምወደው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ከ14 ወር በፊት ለጽሑፍ ይከፍላል የተባለ አንድ የውጭ ድረ ገጽ አገኘሁ። ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ሰው ባየው፣ ላይክ ባደረገውና ኮሜንት በጻፈበት ቁጥር ሳንቲም ይቆጠራል፤ 50 ዶላር ሲሞላ ወጪ ይደረጋል። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ስለ እናቴ ጠላ አጠማመቅ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም 212 ጽሑፍ ለጠፍኩ። ለዳታ ብቻ በወር 300 ብር አወጣ ነበር። መሀል ላይ የሚታሰብልን ሳንቲም በግማሽ ተቀነሰ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። እንደምንም 50 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሞላልኝና ክፍያ ጠየቅኩ። በሦስተኛው ቀን «ደንብ ጥሰሻል» የሚል መልእክት መጣ፤ አካውንቴ ታገደ። የትኛው ደንብ እንደሆነ አይናገርም። አራት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ መልስ የለም።

ከሁሉ የከፋው ሰው መጋበዜ ነው። በእኔ ሊንክ የገቡ ሰባት ናቸው፤ አምስቱ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንዷ የአክስቴ ልጅ፣ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ። የአክስቴ ልጅ ማታ ማታ ታስጠናቸው የነበሩትን ሁለት ልጆች ትታ ነው መጻፍ የጀመረችው። አሁን በበዓል ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። እናቴ ደግሞ «ስልክ ላይ ተጥደሽ ዓይንሽን አጠፋሽ እንጂ ምን አተረፍሽ?» ትለኛለች። ገንዘቤን እንዴት ላስመልስ? ለሰዎቹስ ምን ልበላቸው? መጻፉንስ ልተወው? እንዲያዩልኝ ስለ ጠላ የጻፍኩትን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።

ብዕሯን ያስቀመጠች፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎችሽ ከመግባቴ በፊት ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ። አካውንትሽ ቢታገድም ጽሑፎችሽ ለሌላ ሰው ይታዩ እንደሆነ በባልደረባሽ ስልክ ገብተሽ እዪ። ከታዩ አንድ በአንድ ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ ርዕሱን፣ ሙሉ ጽሑፉን፣ የተለጠፈበትን ቀን። አንዱ ቅጂ ኢሜይልሽ ላይ ይሁን፣ ሌላው ፍላሽ ላይ። የሒሳብሽን ገጽ፣ ክፍያ የጠየቅሽበትን ቀንና የእገዳውን መልእክት ስክሪንሹት አንሺ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት «ዌይባክ ማሽን» የተሰኘ ነጻ አገልግሎት አለው፤ የጽሑፍሽን አድራሻ ስትሰጪው የገጹን ቅጂ ወስዶ ያኖርልሻል፣ ዋናው ድረ ገጽ ነገ ቢዘጋ እንኳ ቅጂው ይቆይሻል። 212 ጽሑፍ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ከምትሳሺላቸው ጀምሪ።

ይህን የማስቀድመው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት እኔም ለአንድ የውጭ ድረ ገጽ እጽፍ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው የለም። ማስጠንቀቂያስ ልከው ኖሯል፤ የላኩት ግን ከዓመት በላይ ወዳልከፈትኩት ኢሜይል ነው። 31 ጽሑፍ ነበረኝ። ከእነሱ አንዱ ስለ አባቴ የመጨረሻ ወራት የጻፍኩት ነው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። እንደገና ልጽፈው ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ ያው አልሆን አለኝ። ሒሳቤ ላይ የነበረው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ዛሬ አላስታውሰውም፣ ያ ጽሑፍ ግን አሁንም ይቆጨኛል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ይህን ሸፋፍኜ ብነግርሽ አንድ ወር ተጨማሪ ከማስጠበቅ ሌላ አልጠቅምሽም። አራቱን መልእክቶች የጻፍሽው በንዴት ይመስለኛል፣ ንዴትሽም ተገቢ ነው። አምስተኛውንና የመጨረሻውን ግን በእርጋታና በአጭሩ ጻፊ፤ የተጠቃሚ ስምሽን፣ ክፍያ የጠየቅሽበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የጣስኩት የትኛውን ደንብ ነው፣ በየትኛው ጽሑፌ? ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ካልመለሱ ተዪው። እስከዚያው «የታገደ ገንዘብሽን እናስለቅቅልሻለን፣ መጀመሪያ ትንሽ ክፈይ» የሚል ሰው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ሊመጣብሽ ይችላል። አንድም ብር እንዳትልኪ፤ የመታወቂያሽንም ፎቶ አትስጪ። ገንዘቡን ያጣ ሰው በቀላሉ እንደሚያምን ስለሚያውቁ የሚጠብቁት ያንን ሰዓት ነው።

ገንዘቡ ቢፈቀድልሽስ በየት በኩል ይደርስሽ ነበር? አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች የሚከፍሉት በፔይፓል ነው። እዚህ አገር የተከፈተ የፔይፓል አካውንት ለመክፈል ሲያገለግል አይቻለሁ፣ ገንዘብ ሲቀበል ግን አላየሁም። ስትራይፕ የሚባለውም የክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ከመጻፉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «በጽሑፍ ስንት ይከፍላሉ?» ሳይሆን «ገንዘቡ እኔ እጅ የሚገባው በምን በኩል ነው?» የሚለው ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ማንም አይጠይቀውም፤ ዶላሩ ገጹ ላይ እየጨመረ ሲሄድ ስታዪው ኪስሽ የገባ ይመስላል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ነው።

ሌላም ሒሳብ አብረን እንሥራ። 50 ዶላር ከ60 ሳንቲም ለ212 ጽሑፍ ሲካፈል ለአንዱ 24 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። አንዱ ጽሑፍ ሁለት ሰዓት ወሰደብሽ ብንል በሰዓት 12 ሳንቲም ማለት ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 50 ዶላር ከ5,000 ብር በላይ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 3,000 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ስለዚህ ለመምህር ዓይን የሚሞላ ገንዘብ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ዳታው ብቻ 300 ብር በ14 ወር 4,200 ብር በልቷል። ድረ ገጹ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ቢከፍልሽ ኖሮ እንኳ አብዛኛው ለዳታ ያወጣሽውን ከመተካት አያልፍም ነበር። እናትሽ ዶላሩን አታውቀውም፤ የምታውቀው ማታሽን ነው፣ የሚያንገበግባትም እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልግሻል፤ ካላወቅሽው በሌላ ስም ሲመጣ ደግመሽ ትገቢበታለሽ።

ጎንደር ውስጥ ጽሕፈት የቆየ ሙያ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን አዘጋጅቶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ከመቀመጡ በፊት ያጻፈውን ሰው ያውቀዋል፤ ዳዊት ይሁን ድርሳን ተነግሮታል፣ ዋጋው ተቆርጧል። መጽሐፉ ሲያልቅ የአጻፈው ስም ይገባል፣ የጸሐፊውም ስም ይገባል። ከዚያ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ብሎ ይዘጋል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። አባቶች መስረቅን ብቻ አላወገዙም፤ መፋቅንም አብረው አወገዙ። የኔን 31 ጽሑፍ የሰረቀው የለም፣ የፋቀው ነው ያለው።

አሁን ልጠይቅሽ። አንቺን ያጻፈሽ ማን ነው? አንባቢው አይደለም፣ እሱ አልከፈለም። ድረ ገጹም አይደለም፤ የሚሰጥሽ ከሌላ ያገኘውን ነው። መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሚያወጣው ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ቅዳሜ ገበያ እንድትጽፊ አላዘዘሽም፣ አላነበበሽም፣ ስምሽንም አያውቅም። የገዛው ማስታወቂያው ላይ የሚያርፍ ዓይን ነው። ያ ነጋዴ ለ1,000 እይታ 1 ዶላር ይከፍላል እንበል። ለአንድ እይታ የሚደርሰው የሳንቲም አንድ አሥረኛ ነው። ድረ ገጹ ግን ለጸሐፊው በእይታ አንድ ሳንቲም ቃል ገብቷል፤ ይህ ለ1,000 እይታ 10 ዶላር ይሆናል። ዘጠኙ ዶላር ከየት ይምጣ? ለጥቂት ጊዜ ድርጅቱን ለመጀመር ገንዘብ ካዋጡ ባለ ሀብቶች። እሱ ሲያልቅ ወይ ሳንቲሙ ይቀነሳል፣ ወይ ወጪ የሚደረግበት ጣሪያ ከፍ ይላል፣ ወይ ጣሪያው ላይ የደረሰው ሰው ጥፋት ይፈለግበታል። አንቺ ከሦስቱ ሁለቱን ቀምሰሻል። በዚያ ላይ ጽሑፍሽን ያዩልሽ ሰዎች አብዛኞቹ እንዳንቺው ጸሐፊዎች ናቸው፤ እኔ ያንቺን ልይ፣ አንቺ የኔን እዪ እየተባባላችሁ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው በመካከላችሁ ከሌለ ነጋዴው በምን ምክንያት ይከፍላል?

ይህ ግምት አይደለም፣ የሆነ ነው። ባብሊውስ የሚባል ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2012 ተከፍቶ ለእያንዳንዱ እይታ፣ ላይክና ኮሜንት አንድ ሳንቲም ገደማ እከፍላለሁ አለ። ከየአገሩ ሰው ጎረፈበት። ቆይቶ ክፍያ ማዘግየትና መከልከል መጣ፤ በኖቬምበር 2015 ተዘጋ፤ ብዙዎች ያልተከፈላቸው ሒሳብ ይዘው ቀሩ። ከእሱ የሚበልጡትም አልጸኑም። ያሁ ኩባንያ አሶሺየትድ ኮንተንት የተባለውን፣ ከተራ ሰዎች ጽሑፍ የሚቀበል ትልቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ገዝቶ፣ በ2014 አጋማሽ ዘጋው። ሂሊየም የተባለው ተመሳሳይ ድረ ገጽ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። ስኩዊዱ የሚባለውም በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለተፎካካሪው ለሃብፔጅስ ተላለፈ። እነዚህ ድረ ገጾች አንባቢ የሚያገኙት በጎግል ፍለጋ በኩል ነበር፤ ጎግል በፌብሩዋሪ 2011 «ፓንዳ» የሚባለውን ለውጥ አምጥቶ ተቻኩለው የተጻፉ ጽሑፎች የሞሉባቸውን ገጾች ወደ ታች ሲገፋቸው የብዙዎቹ እንጀራ ያኔ ተቆረጠ። ጸሐፊዎቹ ያጠፉት ነገር ኖሮ አይደለም። ሠፈራቸውን አቋርጦ ይሄድ የነበረው መንገድ በሌላ በኩል ዞረ፣ የመንገድ ዳር ሱቁም ተዘጋ።

አንዱን ለብቻው ልንገርሽ፣ ያንቺን ቁስል ይነካልና። «ሱ» የሚባል የማኅበራዊ ትስስር ገጽ በኦክቶበር 2014 መጣ። ከማስታወቂያ ገቢዬ 90 በመቶውን ለተጠቃሚዎች እሰጣለሁ አለ። የሚገባው በግብዣ ብቻ ነበር፤ የተጋባዡ ገቢ ደግሞ ለጋባዡ፣ ከዚያም ለጋባዡ ጋባዥ እየተሸረፈ ይደርስ ነበር። ሰው ሁሉ ሊንኩን ይዞ ዘመድ ወዳጁን ጎተተ። በሴፕቴምበር 2015 ፌስቡክ የ«ሱ»ን ሊንኮች ማሳለፍ ከለከለ፤ ከወራት በኋላ ቢፈቅድም ገጹ በኦገስት 2016 ተዘጋ። ልብ በይ፣ እንዲህ ያለ ድርጅት አዲስ ሰው ለማምጣት ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ነበረበት። እሱን ወጪ የሸፈንሽለት አንቺ ነሽ፣ የከፈልሽውም በዝምድናሽ ነው። የአክስትሽ ልጅ የገባችው ድረ ገጹን አምና አይደለም፣ አንቺን አምና ነው።

ስለዚህ የ50 ዶላሩ ነገር ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የእሷ ነገር ነው።

በበዓል፣ ሰው በተሰበሰበበት አትጠብቂያት። ቤቷ ሂጂ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ ተናገሪ። «እኔም እንዳንቺው ተበድያለሁ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን መጀመሪያ ከተባለ ይቅርታው ይበላሻል። «ሳላጣራ ጠርቼሽ ማታሽን አስበላሁብሽ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ሒሳብሽን አሳያት፤ በእሷ መግባት ምክንያት የታሰበልሽ ሳንቲም ካለ እሱንም ሳትደብቂ አሳያት። ገንዘቡ ባይወጣም መታሰቡን ካንቺ አፍ ትስማው። የጠፋውን ማታ ልትከፍያት አትችዪም፣ ዕዳ አለብሽ የሚልሽም የለም። ግን ልትመልሺላት የምትችዪው ነገር አለ። ሁለቱን ልጆች ማስጠናት ትታለች ብለሻል። አንቺ መምህርት ነሽ፤ የልጆቹን ወላጆች ሄደሽ አነጋግሪ፣ እነሱ ሌላ አስጠኚ ይዘው ከሆነ ከተማሪዎችሽ መካከል ማታ ድጋፍ የሚፈልጉትን ታውቂያለሽ። ሁለት ልጅ ፈልገሽ ይዘሽላት ሂጂ። አንድ ሺህ ጊዜ ይቅርታ ከማለት ይህ ይሻላታል። ወዲያው ፊቷ ካልተፈታ አትቸኩዪ፣ አትለማመጪም። ሥራውን ሥሪና ተመለሺ።

አምስቱን ባልደረቦችሽን በዕረፍት ሰዓት አንድ ላይ ያዢያቸው። የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው፣ እነሱም ጽሑፋቸውን ዛሬውኑ እንዲገለብጡ፣ አዲስ እንዳይለጥፉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የጎረቤት ልጅ ግን ይለያል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ትንሽ ከሆነ እናቱም ትስማ፣ እሱ በተራው ስንት ሰው እንደጋበዘም ጠይቂው። ሰንሰለቱ እዚያው ይቆረጥ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልለምንሽ፦ ለማካካስ ብለሽ «ይሄኛው በእውነት ይከፍላል» ወደሚባል ሌላ ድረ ገጽ አትውሰጃቸው። አንዳንድ ሰው ከእፍረቱ የሚወጣው በዚያ ይመስለዋል።

ጽሑፎቹ የማን ናቸው ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን መጠየቅ ነበረብሽ። በአገራችን የቅጂ መብትና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፍ ሥራ ከተሠራ ጀምሮ የአመንጪው ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ጥበቃው ዕድሜ ልክሽን፣ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ድረ ገጹ ላይ «እስማማለሁ» ብለሽ የተጫንሽው ደንብ ግን ከመብትሽ የሰጠሽው ነገር ሊኖር ይችላል። ግቢና ፈልጊ፤ የሰጠሻቸው ፈቃድ ለእነሱ ብቻ የሆነ ነው ወይስ ለሌላም እንድትሰጪ የሚፈቅድ? ሁለተኛው ከሆነ ነገውኑ ሌላ ቦታ ልታወጪያቸው ትችያለሽ። የመጀመሪያው ከሆነ አንድ የሕግ ሰው ያንብብልሽ። እዚያው ሳለሽ «እንቅስቃሴ የሌለው አካውንት» የሚለውን አንቀጽም እዪው። አንዳንዶቹ ለተወሰነ ጊዜ ያልተገባበትን አካውንት ሒሳብ እንሰርዛለን ይላሉ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ለከረመብን ለእኛ ይህ ተራ አንቀጽ አይደለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ለወደፊቱ ግን አሁንም ቀድሞ ነው።

መጻፉን ልተወው ወይ ላልሽው፣ ስለ ጠላ የጻፍሽውን አነበብኩት። እናትሽ ጋኑን በወይራ ስታጥን ጭሱ እንዳያመልጥ በነጠላዋ ጫፍ አፉን የምትከድንበት፣ አንቺ ደግሞ በልጅነትሽ ከጋኑ ውስጥ ሰው ያለ መስሎሽ የምትጣሪበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ጥንስሱ ሲነሣ ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ግን ጽሑፉ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ክፍል ጌሾና ብቅሉ ላይ ያቆማል፣ ሁለተኛው ጋኑ መታጠን እንደጀመረ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ባለፈው እንዳልኩት» ብሎ ከሌላ ነገር ይነሣል። አንዱን ለሦስት የከፈልሽው ሦስት ጊዜ ሳንቲም እንዲቆጠርልሽ መሆኑ ገባኝ። እዚያ ላይ ነው ያዘንኩት። ገንዘቡን መከልከላቸው አንድ በደል ነው፤ አጻጻፍሽን በእነሱ ቆጣሪ ልክ እንድትቆርጪ ማስለመዳቸው ግን ከዚያ ይብሳል፣ ልማዱ አካውንቱ ከተዘጋ በኋላም እጅሽ ላይ ይቀራልና። ስለዚህ መጻፉን አትተዪ። ለጥቂት ወራት ግን ማንም የማይቆጥረው ነገር ጻፊ፤ በደብተር ቢሆን ይመረጣል።

ከጽሑፍ ገንዘብ ማግኘት መፈለግሽ ነውር የለበትም። ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊ ቀብድ ሳይቀበል ጨርቅ አይቆርጥም፤ አናጢውም ቁም ሣጥን ያለ ቀብድ አይጀምርም። አንቺ 212 ጊዜ ያለ ቀብድ ሠራሽ። ከዛሬ ጀምሮ ገዢውን በዓይንሽ ወደምታዪበት ቦታ ሂጂ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ከዛሬ ኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ወር አይሞላም። በዩኔስኮ የተመዘገበው የጥምቀት በዓላችን ነው፤ እንግዳ በቀነሰበት ጊዜ እንኳ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይመጣል፣ የመጣውም ታቦታቱ በስንት ሰዓት ከየት ተነሥተው ወደ ፋሲል መዋኛ እንደሚወርዱ፣ የት ቢቆም እንደሚያይ፣ ነጭ ለምን እንደሚለበስ የሚነግረው አጭር ነገር ይፈልጋል። በሁለቱም ቋንቋ ትጽፊያለሽ፤ እዚሁ አድገሻል። አራት ገጽ አዘጋጂና ሁለት ሦስት ሆቴሎችን፣ የአስጎብኚዎቹንም ማኅበር አነጋግሪ። የመጀመሪያው እምቢ ይልሽ ይሆናል፣ ምናልባት ሁለተኛውም። እሺ ያለሽ ሰው ግን ከመጀመርሽ በፊት ግማሹን ይክፈል፤ በቴሌብር ቢልከው እዚያው ቆመሽ ታዪዋለሽ። ስንት ገጽ፣ ስንት ቅጂ፣ መቼ እንደምታስረክቢ፣ ስምሽ የት እንደሚገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለማተም እንደገና መክፈል እንዳለበት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ።

ለሌላው ጽሑፍሽ የቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፣ አንባቢሽ ያለው እዚያ ነው። ቴሌግራም ከማርች 2024 ወዲህ 1,000 ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ከሚወጣ ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ለባለቤቱ እሰጣለሁ ብሏል፣ የሚከፍለው ግን ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ በሚኖር ገንዘብ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ክሪፕቶ ለግብይት አይፈቀድም ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በዚያ በኩል ብር እንዳታስቢ። እዚያ የምትጽፊው ለመነበብ ነው፤ ቅጂውም ሁልጊዜ ቤትሽ ይኑር።

ከገና በፊት ማተሚያ ቤቶች በመልካም ምኞት ካርድና በቀን መቁጠሪያ ይጨናነቃሉ፤ የጥምቀቱን አራት ገጽ እስከ ታኅሣሥ 10 ካላደረስሽ ተራ አታገኚም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከገበያ መልስ ወደ አንዱ ሆቴል ግቢ። ዛሬ ማታ ግን ሦስቱን የጠላ ቁራጮች ከገጹ ላይ አውጥተሽ በአንድ ወረቀት ግጠሚያቸው፤ «ባለፈው እንዳልኩት» የሚለውን አውጪው፣ ጋኑ የሚታጠንበትንም ሳትቆርጪ እስከ መጨረሻው ጨርሺው።